«ወራጅ አለ» ማለት ያቃተው ሰው

ሰፈሬ ወሰን ነው። ከመገናኛ ወደ ካራ በሚሄደው ታክሲ ላምበረትን አልፎ ይገኛል። እኔ ግን ለዓመታት የምወርደው ሰፈሬን አልፌ፣ 02 የሚባለው ፌርማታ ነበር። ሰፈሬ ጠፍቶኝ አይደለም፣ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል ነው።

እንተባተባለሁ። ከፊደላት ሁሉ ደግሞ «ወ» ጠላቴ ነች። «ወራጅ» በወ ይጀምራል፣ «ወሰን»ም በወ ይጀምራል። እግዜር ሲቀልድብኝ ሁለቱንም በአንድ ፊደል አሰራቸው። ታክሲው ላምበረትን ሲያልፍ ልቤ መምታት ይጀምራል። ከንፈሬን አሾላለሁ፣ አየር እስባለሁ፣ ከዚያ «ወ» ልትወጣ ስትል ጉሮሮዬ ላይ በር ይዘጋል። ድምፅ የለም። ከንፈሬ እንደሾለ ፌርማታው በመስኮት ያልፋል። አንዳንዴ ሌላ ሰው እዚያው ይወርድና እሱን ተከትዬ ዱብ እላለሁ፤ የዚያን ቀን ሎተሪ የደረሰኝ ያህል ነው የሚሰማኝ። ካልሆነ 02 ብዙ ሰው ስለሚወርድ እዚያ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ፣ ክረምትም ቢሆን። እናቴ «ምነው አመሸህ?» ስትለኝ «ታክሲ ጠፋ» እላታለሁ። ያኔ «ታ» አታስቸግረኝም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አፉን ለሚይዘው ሰው ነው፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ለሚንተባተብበትም ጭምር። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። «ድክመትህን ወደ ጥንካሬ ቀይር» የሚሉ አነቃቂ ንግግሮች ያናድዱኛል። ሁሌም መጨረሻቸው ላይ ሰውየው ድኖ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እያስጨበጨበ ነው የምታገኙት። እኔ አልዳንኩም። ትናንት ፋርማሲ ውስጥ የመድኃኒቱን ስም ለመጥራት አቅቶኝ ስልኬ ላይ ጽፌ ነው ያሳየሁት። ግን ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚሁ መንተባተብ ባስተማረኝ ነገር ነው፣ ያ እንዴት እንደሆነ ነው መናገር የምፈልገው።

ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። እዚያ ማንም እንደምንተባተብ አላወቀም። ሀ ሁን በኅብረት ስንል ድምፄ ከሁሉም በላይ ነው። ዳዊት ላይ ስደርስም ውርድ ንባቡ ዜማ ስላለው እንደ ውኃ ይፈስልኛል። አንድ ቀን የኔታ አንብቤ ስጨርስ ደስ ብሏቸው «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉኝ። በቃ። የአባቴ ስም አልወጣ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እግሬን መሬት መታሁ፣ ልጆቹ ሳቁ። የኔታ ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ተቆጡ። ልክ ናቸው፣ አሁን ዳዊትን እንደዚያ ያንበለበለ ልጅ የአባቱን ስም አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። የሚንተባተብ ሰው ሲዘፍን ብዙውን ጊዜ አይንተባተብም። ከሌላ ሰው ጋር አንድ ላይ ሲያነብ፣ ብቻውን ሲያወራ፣ ለውሻ ወይ ለሕፃን ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ይህን የሚያይ ቤተሰብ «ሲፈልግ ይችላል እኮ» ይላል። አይደለም። ችግሩ ፍርሃትም ስንፍናም አይደለም። አእምሮ ንግግርን በጊዜው አቀናጅቶ የሚያስኬድበት አሠራር ላይ ያለ ልዩነት ነው፣ በዘርም ይተላለፋል። ዜማና ኅብረት ምቱን ከውጭ ስለሚሰጡ መንገዱ ይቀላል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ የሆነ ጊዜ ላይ ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹን ይተዋቸዋል፣ እንደኔ ያለውን ግን አይተወውም። አዋቂዎች ዘንድ ሲደረስ ከ100 ሰው አንድ ገደማ ነው፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛበታል። «ልጅ ሆኖ ደንግጦ ነው» የሚባለውን እኔም ቤት ብለውታል። የጎረቤት ውሻ ነው የተከሰሰው። ምስኪን ውሻ።

እናቴ እንጦጦ ጠበል ወስዳኛለች። አልቀየማትም፣ የምታውቀውን ነው ያደረገችው፣ ደግሞም ከዚያ ስንመለስ ሁልጊዜ ዳቦ ትገዛልኝ ነበር። አንድ ካህን ሙሴም ኮልታፋ ነበር ብለው አጽናኑኝ። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ስንት ሰው እንደነገረኝ አትጠይቁኝ። ሙሴን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች የሚረሱት ነገር ግን አለ። ሙሴ ራሱ «ሌላ ሰው ላክ» ብሎ ነበር፣ አሮን በሱ ፈንታ እንዲናገር የተሰጠው ለዚህ ነው። የኔ አሮን እናቴ ነበረች። ሱቅ ስንሄድ እሷ ታወራልኛለች፣ ሐኪም ቤት እሷ ትመልስልኛለች፣ ዘመድ «ስንተኛ ክፍል ደረስክ?» ሲለኝ አፌን ሳልከፍት «ስድስተኛ!» ትላለች። ከፍቅር ነው። ግን ቀስ በቀስ አፌ የሷ ሆነ።

ትልቅ ስሆን እናቴን ይዤ መዞር አልችልም፣ ስለዚህ መደበቅ ተማርኩ። ይሄ መደበቅ የሚሉት ነገር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያልተንተባተበ ሰው አይገባውም። ዓረፍተ ነገሩን ስጀምር ከፊት አራት አምስት ቃል ቀድሜ አያለሁ። የሚይዘኝ ቃል እየመጣ ከሆነ በሌላ እቀይራለሁ። «መኪና» ካስፈራኝ «አውቶሞቢል» እላለሁ። «ደክሞኛል» ካልወጣ «ዝያለሁ» እላለሁ፣ ጓደኞቼ ለምን እንደ ጥንት መጽሐፍ እንደማወራ ግራ ይገባቸዋል። ዩኒቨርሲቲ 4 ዓመት ሙሉ ሻይ ነው የጠጣሁት። ሻይ አልወድም! የምወደው ቡና ነው። «ቡ» ስለምትይዘኝ፣ «ሻ» ደግሞ እንደ ትንፋሽ ስለምትወጣልኝ፣ አስተናጋጁ ሲመጣ «ሻይ» እላለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ተራዬ ከመድረሱ በፊት ሽንት ቤት እሄድ ነበር። ሁሉም ቃል መተኪያ አለው፣ ስም ግን የለውም። የራስ ስም ሲይዝ ደግሞ ሰው «ስምህን ረሳኸው እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ቀልዱን የፈጠረው እሱ ይመስለዋል።

ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ መያዝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ስልክ እንዳላነሳ ነገረኝ። «ደንበኛ መስመሩ የተበላሸ ይመስለዋል» ነው ያለው። ክፋት አልነበረውም፣ እንዲያውም ያቀለለልኝ መስሎት ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ሲጮህ ሁሉም ሰው ዞር ብሎ እኔን አለማየት ጀመረ።

ከዚያ አንድ የጥናት ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። የጽሑፍ ፈተናውን በደንብ አለፍኩ። ቃለ መጠይቅ እንዳለው ባውቅ አልመዘገብም ነበር፣ ሲደውሉልኝ ነው የሰማሁት። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። «እስቲ ስምህን ንገረን» አሉኝ። ያዘኝ። ምናልባት 20 ሴኮንድ ይሆናል፣ ለኔ ግን ኩዳዴ ነበር። ዓይኔ ጭፍን፣ አንገቴ ግትር። ሲለቀኝ ሦስቱም ወረቀት እያዩ ነው። የዚያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አስታውሳለሁ፣ ከዚህ በላይ የምደብቀው ምን ቀረኝ? ነው ያልኩት። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማላውቀው ሰው እንዲህ አልኩ፦ «እ... እንተባተባለሁ። ጊዜ ይወስድብኛል እንጂ መልስ አላጣም።»

መሐል ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ወረቀቷን አስቀምጣ «እሺ፣ አንቸኩልም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ድንቅ ነበር ብዬ አልዋሽም። ብዙ ተንተባተብኩ። ግን አንድም ቃል አልቀየርኩም። ለመደበቅ አወጣው የነበረው ጉልበት ሁሉ ለማሰብ ተረፈኝ። ቀጠሩኝ። ሴትዮዋ በኋላ የኛ ሱፐርቫይዘር ሆነች።

ምድቤ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ገጠር ቀበሌዎች ነበር። ሥራው ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነው። ጓደኞቼ በቀን 5 ቤት ይጨርሳሉ፣ እኔ 4፣ አንዳንዴ 3። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሱፐርቫይዘራችን ጠራችኝ። ታብሌቱ አንዳንድ ጥያቄ ላይ ድምፅ ይቀዳል፣ ለቁጥጥር። የኔን ስትሰማ አምሽታለች። «አንተ ጋ ሰው ለምንድነው እንደዚህ የሚያወራው?» አለችኝ።

አላወቅኩም ነበር። አብረን ሰማነው። አንዲት እናት ናቸው፣ ቤታቸው ምድጃው ዳር ተቀምጠን። ቅጂው ላይ እንጨቱ ሲንጣጣ ይሰማል። «እማማ፣ ከዚህ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚኖር የቤተሰብ አባል አለ?» እላለሁ፣ እየተጎተትኩ። «የለም ልጄ» ይላሉ። ቀጣዩ ጥያቄ በ«ከ» ይጀምራል። ያዘኝ። ዝም። ቅጂው ላይ የሚሰማው እሳቱ ብቻ ነው። ስድስት፣ ሰባት ሴኮንድ። ከዚያ የሳቸው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይመጣል፦ «አንዲት ልጅ አለችኝ... ጅዳ ናት። ሁለት ዓመት ሆናት ስልክ ከደወለች። አለች ልበል የለችም ልበል? እኔስ ምን አውቄ።»

ሌላ ጠያቂ ቢሆን «የለም» የሚለውን ነክቶ ያልፍ ነበር። አያስወቅሰውም፣ መጠይቁ 200 ጥያቄ አለው። እኔም እኮ ቸኩዬ ነበር፣ ያቆመኝ ምላሴ ነው። ሰው ግን ዝምታ ሲያገኝ ይሞላዋል፣ ከመጀመሪያው መልስ በስተኋላ የሸሸገውን አውጥቶ ይሞላዋል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ታብሌት ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያስፈራል። አፉን የሚይዘው ሰው ሲሆን ግን «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል፣ ውኃ ላምጣልህ?» ይባላል፣ እኔም ጠያቂነቴ ቀርቶ እንግዳ እሆናለሁ። እኒያ እናት በኋላ ወንድማቸውም እንደኔ እንደነበር ነገሩኝ፣ እረኛ ሆኖ ላሞቹን ሲጠራ ግን አንድም ቀን ይዞት አያውቅም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሱፐርቫይዘራችን ለአዳዲስ ሠራተኞች «ከመልሱ በኋላ እስከ አምስት ቁጠሩ» ማለት ጀመረች። የሚገርመው፣ የማይንተባተቡት ልጆች ይህን ለመልመድ ተቸግረዋል። እኔ ሳልፈልግ 25 ዓመት ስለማመደው የኖርኩት ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ቃል መቀየሩ ነው። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር፣ ትርጉሙ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብሎ የተሠራ ነው። «ባለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት ተሰምቶዎታል?» የሚል ጥያቄ አለው። አንድ አባት ይህን ስጠይቃቸው ብድግ አሉ። «እኔ መንፈስ የለብኝም! በጠበሉ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ!» ለማረጋጋት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እኔ ታዲያ ለዚያ አንድ ነገር አምስት መጠሪያ ነበረኝ። ሆድ ባሰኝ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከፋኝ። ጭንቅ ጥብብ አለኝ። ምንም አላስደስት አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሚይዝ ቃል እየሸሸሁ የሰበሰብኳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ አቀረብኩ፣ ጥያቄው «ሆድ ብሶዎት ያውቃል?» ወደሚል ተቀየረ። አሁን ዋና ሥራዬ ይሄ ሆኗል፣ መጠይቆችን ሰው ወደሚያወራው አማርኛ መመለስ። ገጠር ወርዶ የሚሞክራቸውም እኔው ነኝ። ዓረፍተ ነገር በጣም ከረዘመ እኔ አልጨርሰውም፣ እኔ ያልጨረስኩትን ደግሞ ገበሬው አይሰማውም።

ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ይህ የቃላት ሀብት አላቸው፣ ሀብት መሆኑን ግን አያውቁም። እንደ ዕዳ ነው የሚያዩት፣ ምክንያቱም የሚጠቀሙበት ለመደበቅ ብቻ ነው። እኔም ሻይ እየጠጣሁ 4 ዓመት አባክኛለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ።

ቻርልስ ቫን ራይፐር የሚባል አሜሪካዊ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ተወልዶ በ1994 ያረፈ፣ ራሱም የሚንተባተብ። የሱ መንገድ ባጭሩ «አትንተባተብ» አይልም፣ «ቀለል አድርገህ ተንተባተብ» ነው የሚለው። ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔን የሚገድለኝ መንተባተቡ ራሱ ሳይሆን ላለመንተባተብ የማደርገው ትግል ነበር፣ የዓይን መጨፈኑ፣ የአንገት መገተሩ፣ የእግር መምታቱ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር እብደት ይመስላል። ሆን ብዬ መንተባተብ ጀመርኩ። ሱቅ ሄጄ፣ «ስ» ጭራሽ ሳታስቸግረኝ፣ «ስ-ስ-ስኳር ስጠኝ» እላለሁ፣ የባለሱቁን ዓይን እያየሁ። የመጀመሪያ ቀን ላብ አጠመቀኝ። በሳምንቱ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ ባለሱቁ ስኳሩን ሰጥቶኝ ወደ ስልኩ ነው የተመለሰው። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ፍርድ ያን ያህል ነው። ለአንድ ወር በየቀኑ 3 ስልክ ደወልኩ፣ ሆቴል፣ መናኸሪያ፣ የትም፣ «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» እያልኩ። አንዳንዶቹ ጆሮዬ ላይ ዘግተውብኛል። ሲዘጉ መልሶ መደወል ነው።

ቃል ሲይዝህ ደግሞ አቋርጠህ ከመጀመሪያው አትጀምር። እዚያው ቆይ። የት ጋ እንደያዘህ ልብ በል፣ ከንፈርህ ነው፣ ምላስህ ነው፣ ጉሮሮህ ነው? ያን ቦታ ቀስ አድርገህ አላላውና ቃሉን እየጎተትክ አውጣው። ለ«ወ» የጠቀመኝ ከንፈሬን አስቀድሜ አለማሾል ነው፣ ትንሽ አየር ለቅቄ፣ በላዩ ላይ ድምፁን መጫን። ሁልጊዜ አይሠራም። በደከመኝ ቀን፣ እንቅልፍ ባጣሁ ቀን፣ ከባለሥልጣን ፊት ስቆም ይጠፋኛል።

ቡናን በሻይ አትቀይር። ይህን እንደ ሕግ ያዙት። ቃሉ ቢይዝህም የፈለግከውን ቃል በል። አዲስ ሰው ጋ ስትገናኝ ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ ንገረው፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ። «እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ» በቂ ነው። እኔ አሁን በስብሰባ ላይ እንደዚያ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሲይዘኝ ማንም ወረቀት አያይም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ ሂዱ፣ እዚህ አገር በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ግን አሉ።

ለሰሚዎች ሁለት ቃል ብቻ። ቃላችንን አትጨርሱልን፣ ብዙ ጊዜ ተሳስታችሁ ነው የምትጨርሱት፣ ያኔ እኛ ሁለት ሥራ ይሆንብናል። «ተረጋጋ»ም አትበሉን። ተረጋግተናል።

እኅቴ 4 ዓመት የሞላው ልጅ አላት። ባለፈው ዓመት ቃል መደጋገም ጀመረ፣ «እ-እ-እማ፣ እማ፣ እማዬ» እያለ። እኅቴ ደንግጣ ደወለችልኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁት። ብዙ ልጆችን እንደሚተዋቸው ነገርኳት፣ ወራት ካለፉት ወይም ልጁ ራሱ መታገል ከጀመረ ግን ባለሙያ እንድታሳየው። እስከዚያው አታርሚው፣ «እንደገና በደንብ በለው» አትበዪው፣ ራስሽ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ዓይኑን እያየሽ እስኪጨርስ ጠብቂ አልኳት። ከዚያ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነው። ልጁ ጉልበቴ ላይ መኪናውን እየነዳ ሳለ «ቡ... ቡ... ቡናው ደረሰ?» ብዬ እኅቴን ጠየቅኳት። ቀና ብሎ አየኝ።

«አጎቴ፣ አንተንም ይይዝሃል?»

«አዎ፣ ይይዘኛል።»

«እኔንም» አለኝና መኪናውን በትከሻዬ በኩል ወደ አንገቴ ነዳው።